ቡታጅራ ላይ የተተከለ ወንበር፦ ጀማሪ ተመራማሪ አገሩ ላይ የሚበቅልበት አንድ ጉዳይ

የአራት ጥናቶችን የመጀመሪያ ገጽ አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ በተርታ ደርድሬያለሁ። ጥናቶቹን ከዚህ በፊት አንብቤያቸዋለሁ። ዛሬ የፈለግኩት ከርዕሱ ሥር ያለችውን አንዲት መስመር ነው፤ የጸሐፊዎቹን ስም ዝርዝር። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የመጀመሪያው በ1999 የወጣ ነው፤ በቡታጅራ ስለ ጫት መቃም የተደረገ ጥናት። ስሞቹ ሦስት ናቸው፦ አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደ፣ ጉናር ኩልግሬን። ሁለተኛው በ2001 የወጣው ነው፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው በቤታቸው ያለ ቤተሰቦች ስለሚደርስባቸው መገለል ያጠናል። እዚህ ፊት የሚመራው ስም ተሾመ ሽብሬ ነው። አታላይ ዓለም ወደ መሐል ገብተዋል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ ደግሞ አበባው ፈቃዱ የሚል ስም አለ። ሦስተኛው የ2005 ነው፤ ስለ ባይፖላር ሕመም፣ ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ ስለሚልበት የአእምሮ ሕመም። ዓለማየሁ ነጋሽ ከፊት፣ አታላይ ዓለም ሁለተኛ፣ ንጉሤ ደየሳና ተሾመ ሽብሬ ወረድ ብለው ይገኛሉ። አራተኛው በ2015 ወጣ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከሌላው ሰው ምን ያህል ቀድመው እንደሚሞቱ የሚናገር ነው። ፊት ያለው አበባው ፈቃዱ ነው። የመጨረሻው ስም ተሾመ ሽብሬ ነው።

በጤና ምርምር ዘርፍ የስም ቅደም ተከተል እንዲያው የሚደረደር አይደለም። ፊት የሚሰለፈው አብዛኛውን ሥራ የሠራውና ጽሑፉን የጻፈው ነው። መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ብዙውን ጊዜ ሥራውን የመራው አንጋፋ ነው። እንግዲህ በ2001 ከመሐል የነበረው በ2015 ፊት ወጥቷል፤ በ2001 ፊት የነበረው ደግሞ በ2015 የአንጋፋውን ቦታ ይዟል። በመጀመሪያው ወረቀት የአንጋፋው ቦታ የስዊድናዊው አማካሪ የጉናር ኩልግሬን ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት አልፎ ቦታው የኢትዮጵያዊ ሆነ።

በአብነት ትምህርት ቤት ያደገ ሰው ይህን ነገር ያውቀዋል። ደቀ መዝሙሩ ከየኔታ እግር ሥር ሆኖ እየተማረ ታናናሾቹን ያስቀጽላል፤ ሲበቃ ተመርቆ ይሄድና የራሱን ወንበር ይተክላል። ወንበር መትከል ማለት ከሌላ የተማሩትን ይዞ ሌላ ሰው ማውጣት መጀመር ነው። በዘመናዊው ዩኒቨርሲቲያችን ይህ ሰንሰለት በብዙ ቦታ ተበጥሷል። ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ወጣት መምህር ይቀጠራል፣ ኮርስ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ለብቻው ይተዋል። ስለዚህ ሰንሰለቱ ያልተበጠሰበትን አንድ ቦታ በደንብ ማየት ፈለግኩ።

መነሻዬ የግል ነው፤ ልናገረው። ማስተማር የጀመርኩት ከአዲስ አበባ ራቅ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ሦስት ኮርስ ተሰጠኝ፤ ሁለቱን እኔም ተማሪ ሆኜ በደንብ አልተማርኳቸውም። ሌሊት ስላይድ እሠራለሁ፣ ጠዋት አስተምራለሁ፣ ቅዳሜ የተከታታይ ትምህርት ክፍለ ጊዜ አለ። ለደረጃ ዕድገት የታተመ ጽሑፍ ያስፈልጋል ይባላል፤ ጽሑፍ እንዴት እንደሚታተም ግን የሚያሳይ ሰው አልነበረም። አንድ ቀን «ክቡር ፕሮፌሰር» የሚል ኢሜይል ደረሰኝ። ጽሑፌን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚያትሙልኝ ይገልጻል። ደስታዬን አስታውሳለሁ፤ ሰው ያየኝ መሰለኝ። የማስተርስ መመረቂያዬን አሳጥሬ ላክሁ። ክፍያው በዶላር ስለነበር ውጭ አገር ያለች የአክስቴን ልጅ ለመንኩ። ጽሑፉ ወጣ፤ አንዲት የማስተካከያ አስተያየት እንኳ ሳይሰጥበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዕድገት ሳቀርበው ጆርናሉ ተቀባይነት የለውም ተባልኩ፤ ድረ ገጹም ጠፍቷል። የዚያን ሰሞን ክፍል መግባት አስጠላኝ። ከባልደረቦቼ ጋር ቡና መጠጣት ተውኩ፤ ስለ ወረቀቱ ይጠይቁኛል ብዬ። የገንዘቡ ማጣት ቶሎ ተረሳ። የከረመብኝ «ለዚህ ሥራ አልሆንም» የሚለው ስሜት ነው።

በኋላ ብዙ ጓደኞቼ ተመሳሳይ ነገር እንዳለፉ ሰማሁ። ስልጠናም ተሰጠን፤ የሁለት ቀን አውደ ጥናት ከነሻይ እረፍቱ፤ በመጨረሻው ሰርተፍኬት። ስለ ሐሰተኛ ጆርናሎች የተነገረን እውነት ነበር፤ ግን ሰኞ ተመልሰን የምንገባው ወደዚያው ባዶ ቢሮ ነው። ያኔ ነው ቡታጅራን ማንበብ የጀመርኩት።

ቡታጅራ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በጉራጌ አገር ያለች ከተማ ናት። ዙሪያዋ በርበሬና በቆሎ፣ እንሰትና ጫት ነው፤ ከቆላው ተነስቶ እስከ ውርጩ ደጋ ይወጣል። በደርግ ዘመን፣ በ1986፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ እዚያ አንድ ሥራ ጀመረ። ዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና አንድ የከተማ ቀበሌ በዕጣ ተመረጡ። ወደ 28 ሺህ ገደማ ሰው ነበረባቸው። ከ1987 ጀምሮ በእያንዳንዱ ቤት ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ከሌላ አገር እንደመጣ፣ ማን ጥሎ እንደሄደ እየተመዘገበ መጣ። ቤት ለቤት የሚዞሩት እዚያው አካባቢ ያደጉ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ወጣቶች ነበሩ። ሥራውን ካቆሙት ሰዎች አንዱ ደስታ ሻሜቦ ናቸው። ደርግ ወደቀ፣ መንግሥት ተለወጠ፣ የአስተዳደር ክልሉ ስም ተቀያየረ፤ መዝገቡ ግን ቀጠለ።

የዚህ መዝገብ ዋጋ ለወጣት ተመራማሪ ምን እንደሆነ የሚገባው ያለ መዝገብ ጥናት የሞከረ ሰው ነው። ብቻህን ስትወጣ መጀመሪያ የቀበሌ ደብዳቤ ታጽፋለህ፣ ከዚያ ስንት ቤት እንዳለ ትቆጥራለህ፣ ከዚያ ናሙና ታወጣለህ፣ ለመረጃ ሰብሳቢ አበል ትከፍላለህ፤ ገንዘቡም ጊዜውም እዚያ ላይ ያልቃል። ጥያቄህን ለማሰብ የሚተርፍ ጉልበት የለም። ቡታጅራ ላይ ግን የቤቱ ቁጥር አለ፣ የሰው ዝርዝር አለ፣ በሩን የሚያንኳኳው ልጅ የታወቀ ነው። አዲስ የመጣው የፒኤችዲ ተማሪ የራሱን ጥያቄ በነበረው ላይ ይጨምራል። የሚቀጥለው ደግሞ በእሱ ላይ ይጨምራል።

የኡሜዮ ትምህርት «ሳንድዊች» የሚባለው ዓይነት ነበር። መምህሩ እዚህ ሥራው ላይ እንዳለ ይመዘገባል፤ ስዊድን የሚሄደው ለኮርስና ለጽሑፍ ሥራ ነው፤ መረጃ ለመሰብሰብ ወደ አገሩ ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል። ኡሜዮ ወደ ሰሜን ዋልታ የቀረበ ከተማ ነው፤ በታኅሣሥ የቀኑ ብርሃን አምስት ሰዓት አይሞላም። ሚስትና ልጆቹን አዲስ አበባ ትቶ እዚያ ለሚከርም ሰው ቀላል ነው አልልም። ግን የመመለሻው ቀን የታወቀ ነው፤ ጥያቄው፣ መዝገቡ፣ ባልደረባው ያሉት እዚህ ነው። የስዊድን መንግሥት የምርምር ድጋፍ ተቋም የነበረው ሳሬክ ለዓመታት ወጪውን ሲደግፍ ቆይቷል።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን የመመረቂያ ጽሑፉ ቅርጽ ነው። እኛ ዘንድ የተለመደው ወፍራም ጥራዝ ጽፎ መከላከልና ከዚያ «አሁን ደግሞ ከዚህ ውስጥ ጽሑፍ አወጣለሁ» ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ያ ቀን አይመጣለትም፤ ኮርስ ይጫንበታል፣ ኃላፊነት ይሰጠዋል፣ ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይከርማል። በስዊድኑ ልማድ መመረቂያው ራሱ የጆርናል ጽሑፎች ስብስብ ነው፤ ተማሪው አንዳንዱን አሳትሞ፣ አንዳንዱን ልኮ፣ ከፊት አጠቃላይ መግቢያ ጽፎ ያቀርባል። ማሳተም ከምረቃ በኋላ የሚቀር ዕዳ ሳይሆን የትምህርቱ አካል ነው። ከገምጋሚ የሚመጣው ኃይለኛ አስተያየት የሚደርሰው አማካሪው አጠገቡ ባለበት ሰዓት ነው። የመጀመሪያውን የ«አልተቀበልነውም» ደብዳቤ ብቻውን ያነበበ ሰውና ከአማካሪው ጋር ሆኖ ያነበበ ሰው አንድ ዓይነት ቁስል አይቆስሉም።

አታላይ ዓለም በኡሜዮ መመረቂያቸውን ያቀረቡት በ1997 ነው። ርዕሱ በገጠር ኢትዮጵያ ስላለው የአእምሮ ጤና ነው፤ ጭንቀት፣ ራስን የማጥፋት ሙከራ፣ ጫትና አልኮል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1999፣ አክታ ሳይኪያትሪካ ስካንዲናቪካ የተባለው ጆርናል አንድ ተጨማሪ እትም ለኢትዮጵያ የአእምሮ ጤና ጥናቶች ሰጠ። የጫቱ ጥናት ከእነዚያ አንዱ ነው።

እስቲ ይህን አንድ ጥናት ጠጋ ብለን እንየው። የተጠየቁት 10,468 አዋቂዎች ናቸው። መጠይቁ ውስጥ ሃያ አጫጭር የጤና ጥያቄዎች አሉ፤ ራስ ምታት ያሠቃይዎታል ወይ፣ እንቅልፍዎ እንዴት ነው፣ በቀላሉ ይደነግጣሉ ወይ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል ወይ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው መጠይቅ ነው፤ መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ገበሬው ከእርሻው ተመልሶ በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ጎረቤት የሆነው ልጅ እርሳስ ይዞ ይጠይቀዋል። ከዚያ ጥያቄው ወደ ጫት ይዞራል። ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ፣ 55.7 በመቶ፣ በሕይወታቸው ጫት ቅመው ያውቃሉ፤ ከተጠየቁት ሁሉ ግማሹ ደግሞ በጥናቱ ጊዜም ይቅማሉ። ለምን ሲባሉ ከቃሚዎቹ 80 በመቶ የሚሆኑት ለጸሎት ልብን ለመሰብሰብ አሉ።

ይህን ጥያቄና ይህን መልስ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነው። ጫት የያዘ እጅ ለዱዓ እንደሚዘረጋ ቡታጅራ ያደገ ሕፃን ያውቃል። ከሩቅ የመጣ ተመራማሪ «ሱስ» ብሎ አልፎት ይሄዳል። ጀማሪ ተመራማሪን የሚያቆመው ዋናው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ እሱ ብቻ ሊጠይቀው የሚችለው ጥያቄ እንዳለ ማወቁ። ለዓለም የሚያመጣው ነገር እንዳለው ከተረዳ በኋላ የእንግሊዝኛ ሰዋስውና የስታቲስቲክስ ፎርሙላ በትግል የሚያዝ ነገር ነው።

ቀጥሎ የመጣው ሥራ ከዚህ ይሰፋል። ከ1998 ጀምሮ ባሉት ዓመታት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየተሄደ ተጠየቁ፤ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለማግኘት። የተገኙት ሰዎች አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አይተው የማያውቁ ነበሩ። ተሾመ ሽብሬ ፊት ሆነው የጻፉት የ2001 ጥናት ከዚህ የተወለደ ነው። 178 የቤተሰብ አባላት ተጠይቀው 75 በመቶው መገለል እንደሚደርስባቸው ተናገሩ። ዓለማየሁ ነጋሽ የባይፖላሩን ይዘው ወጡ። በሽተኞቹን ለአሥር ዓመት የተከታተለው የ2015 ጥናት ደግሞ 919 ሰዎችን ይዞ፣ የሞታቸው መጠን ከሌላው ሕዝብ እንደሚበልጥና ብዙ ዓመት ቀድመው እንደሚያልፉ አሳየ። አንድ ጊዜ የተሠራ ምዝገባ ለአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ለብዙ ሰው የሕይወት ሥራ መነሻ ሆነ።

በሌላ ዘርፍም እንዲሁ ነው። የማነ ብርሃኔ ቡታጅራ ላይ ስለ ሴቶች ጤና የሠሩትን በ2000 በኡሜዮ አቀረቡ፤ በኋላ በ2006 አዲስ ኮንቲኔንታል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 በሴቶች ላይ ስለሚደርስ የቤት ውስጥ ጥቃት በብዙ አገሮች ያሠራውን ጥናት ሲያወጣ ኢትዮጵያን የወከለችው ቡታጅራ ነበረች፤ ከተጠየቁት ትዳር ያላቸው ወይም የነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው ከባል አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል። ንጉሤ ደየሳ፣ በባይፖላሩ ጥናት ዝርዝር ውስጥ ከመሐል ያየነው፣ በ2010 የፒኤችዲ መመረቂያውን ያቀረበው በዚህ ጥቃትና በሴቶች ድብርት ግንኙነት ላይ ነው። የራሱ መመረቂያ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት በሌላ ሰው ጥናት ውስጥ ስሙ ገብቶ፣ መረጃ አያያዙን፣ ከገምጋሚ ጋር ክርክሩን አይቶ ነበር ማለት ነው። ከአሥር አውደ ጥናት ይልቅ እንዲህ ያለው ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ምርምር ነው። ሁለተኛው የጉዳዩ ክፍል ስለ ማስተማርና ስለ መቅረት ነው፤ ከአገር ስላለመሰደድ።

በ2003 በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞች 11 ነበሩ። ለአንዱ ሐኪም ከስድስት ሚሊዮን በላይ ሰው ይደርሳል። ስፔሻላይዝ ለማድረግ ወደ ውጭ የተላኩ ሐኪሞች አብዛኞቹ አልተመለሱም፤ ይህ በሥነ አእምሮ ብቻ ሳይሆን በሁሉም የሕክምና ዘርፍ ለሠላሳ ዓመት ያየነው ነው። ሙያው ደግሞ በራሱ የሚገፋ ነበር። መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ስሙ ለስድብ የሚውል ነው፤ «አማኑኤል ይውሰዱህ» ይባባላል ሰው። ወጣት ሐኪም የአእምሮ ሐኪም እሆናለሁ ሲል ዘመድ ያዝን ነበር።

በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ትምህርት ክፍል የመጀመሪያውን የሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማር ሐኪም) ሥልጠና አገር ውስጥ ጀመረ። ለማስተማር የሰው እጥረት ስለነበረ የካናዳውን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋበዘ። በቶሮንቶ በኩል የመሩት ክሌር ፔይን፣ በአዲስ አበባ በኩል አታላይ ዓለም ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነበር። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ለአንድ ወር፣ ሁለት የቶሮንቶ መምህራንና አንድ ሬዚደንት ወደ አዲስ አበባ ይመጡ ነበር። ደሞዝ ሳይከፈላቸው ነው። ምን እንደሚያስተምሩ የሚወስነው አዲስ አበባ ነበር፤ የጎደለውን ራሱ ያውቃል። ጠዋት ከሬዚደንቶቹ ጋር በሽተኛ ያያሉ፣ ከዚያ ክፍል ገብተው ያስተምሩ ነበር። ወሩ ሲያልቅ ይሄዱ ነበር።

ተማሪው አይሄድም፤ ይህ ነው ልዩነቱ። መምህሩን አውሮፕላን ላይ አሳፍሮ ማምጣት ተማሪውን አሳፍሮ ከመላክ ይረክሳል። በሽተኛው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በጉራጊኛ ሲናገር ሐኪሙ ይሰማል። ዛር፣ ጠበል፣ ቡዳ ሲባል ትርጉሙን ለእንግዳው የሚያስረዳው ሬዚደንቱ ነው፤ ተማሪው የመምህሩ አስተማሪ የሚሆንበት ሰዓት አለ። እንዲህ ያለው ሰዓት ለወጣት ምሁር ምን ያህል ጀርባውን እንደሚያቀና የደረሰበት ያውቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሬዚደንቶች በ2006 ተመረቁ። በ2009 የስፔሻሊስቶቹ ቁጥር ከ11 ወደ 34 ደርሶ ነበር። ከተመረቁት ውስጥ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ሆስፒታሎች የሥነ አእምሮ ክፍል ያቋቋሙ አሉ። የቶሮንቶ አሠራርም ለሌሎች ትምህርት ክፍሎች አርአያ ሆኖ ተስፋፋ። በኋላ የአዲስ አበባው ትምህርት ክፍል በአእምሮ ጤና የራሱን ፒኤችዲ ማስተማር ጀመረ፤ ወንበሩ ከኡሜዮ ተነሥቶ እዚህ ተተከለ።

በቡድን መግባታቸውም ቀላል ነገር አይደለም። ያን ዓመት አብረው የጀመሩት ሬዚደንቶች አብረው ተጨንቀዋል፣ አብረው ተምረዋል። ቀኑን ሙሉ ያዘነና የተጨነቀ ሰው ሲያዳምጥ የሚውል ሐኪም ማታ የሚያወራው እኩያ ከሌለው ይደክማል። ምርምርም ከዚህ አይለይም። የእኔ ዓይነቱ መምህር የጎደለው የምክር ማዕከል ወይም የጭንቀት ስልጠና አልነበረም፤ «ያ ወረቀትህ ምን ደረሰ?» የሚል አንድ ሰው ነው፤ ጠይቆም መልሱን ቆሞ የሚሰማ።

ነገር ግን ጉዳዩን ከጉድለቱ ጋር ካላየሁት ለአንባቢ አልታመንም።

ቁጥሩን እንውሰድ። በ2007 የሕዝብ ቆጠራ ኢትዮጵያ ውስጥ 73.9 ሚሊዮን ሰው ነበር። 34 ሐኪም ማለት ለአንዱ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሰው ማለት ነው። ሦስት እጥፍ አደገ ብሎ ማመስገን ትክክል ነው፤ በሽተኛው ግን ያንን ጭማሪ ወረዳው ላይ አያየውም።

ገንዘቡ የውጭ ነው። ስዊድን፣ ካናዳ፣ ብሪታንያ። የሕዝቡ መዝገብ፣ የመረጃ ሰብሳቢዎቹ ደሞዝ፣ ጉዞው፣ በአብዛኛው ከሌላ አገር በመጣ ገንዘብ የተከፈለ ነው። እንዲህ የቆመ ነገር የለጋሽ ፖሊሲ ሲለወጥ ይናጋል፤ ወጣቱም የሚያጠናው ርዕስ ገንዘቡ ወዳለበት ሊያዘነብል ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ከራሳቸው በጀት ትንሽም ቢሆን ለእንዲህ ያለ ቋሚ መስክ ካልመደቡ የሌላ ሰው ማሳ ላይ መዝራታችን ይቀጥላል።

ሦስተኛው ደግሞ ወደ ጠረጴዛዬ ይመልሰኛል። እነዚያን አራት የስም ዝርዝሮች ደጋግሜ አየኋቸው። ፊት የነበረው ወደ ኋላ፣ መሐል የነበረው ወደ ፊት ሲሄድ አይቻለሁ። አንዲት ኢትዮጵያዊት ሴት ግን በአራቱም ውስጥ የለችም። በ2015ቱ ውስጥ ያለችው ሴት እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ሃንሎን ናት፤ ለዓመታት አዲስ አበባ ኖራ የሠራች ተመራማሪ። ወንበሩ በወንዶች መካከል ሲሸጋገር ኖሯል። ማንም ሆን ብሎ አልዘጋባትም ይሆናል፤ ነገር ግን አማካሪ የራሱን የመሰለውን ሰው ቶሎ ያያል፣ ወደ ቡታጅራ ለሳምንታት የሚወጣውን ቶሎ ይመርጣል። ልጅ ታቅፋ የምታስተምር ወጣት መምህርት ስሟ ከመሐል እንኳ ሳይገባ ይቀራል፤ መሐል ያልገባ ስም ፊት አይወጣም። ይህ ያለ ምንም የውጭ ገንዘብ ሊስተካከል የሚችል ነው፤ የሚያስፈልገው ማንን እንደምንጠራ ማሰብ ነው።

እኔ አሁን የሁለት ወጣት መምህራን አማካሪ ነኝ። ኡሜዮ የለንም፣ ቶሮንቶም አልመጣልንም። የመረጥነው ከግቢያችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ያለ አንድ ቀበሌ ነው፤ ሌላ ቦታ አንሄድም፣ በየዓመቱ እዚያው እንመለሳለን። የመጀመሪያውን ዓመት ያጠፋነው ቤት በመቁጠር ነው፤ አንደኛዋ መምህርት «ይህ እንኳ ለዕድገት አይቆጠርም» ብላ ተማርራለች፤ እውነቷን ነው። መዝገቡ ከተዘጋጀ በኋላ ግን የማስተርስ ተማሪዎች መጥተው ተጠቀሙበት፤ ስሟ በሦስት ሥራ ውስጥ ገባ። ዓርብ ከሰዓት አንድ ሰዓት እንቀመጣለን፤ አንዱ የጻፈውን ያነብባል፣ ሌሎቹ ይነቅሳሉ። ጽሑፍ የምንልከው ሦስታችን ጆርናሉን ካየነው በኋላ ብቻ ነው፦ አዘጋጆቹ እነማን ናቸው፣ ከዚህ በፊት ያወጣቸውን ማን ጠቀሳቸው፣ በሂናሪ (የዓለም ጤና ድርጅት ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የጤና ጆርናሎችን በነፃ ወይም በቅናሽ በሚያቀርብበት መርሐ ግብር) በኩል ይገኛል ወይ፣ ከዝቅተኛ ገቢ አገር ለሚመጣ ጸሐፊ ክፍያ ይቀንሳል ወይ። ብዙ ጆርናሎች ለኢትዮጵያ ጸሐፊ ክፍያውን ጨርሰው ይተዋሉ። ይህን ያኔ የነገረኝ ሰው ቢኖር ዘመዴን ዶላር ባልለመንኩ።

ዕድገት ኮሚቴው መዝገብ ያቆመን ሰው የሚቆጥርበት መስፈርት ገና የለውም። ስለዚህ ነገር ለትምህርት ክፍሉ ደብዳቤ ጽፈናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

ወደ ቡታጅራ ልመለስና አንድ ነገር ልጨምር። በ2005 እና በ2006 መጀመሪያ ላይ የተመዘገቡ 1,065 ነፍሰ ጡር ሴቶች ነበሩ። የተገኙት በዚያው በአሮጌው መዝገብ በኩል ነው። የእናትየው ጭንቀት በልጁ ላይ ምን እንደሚያደርስ ለማየት ነበር የተጀመረው። ልጆቹ ተወለዱ፣ ተመዘኑ፤ ትምህርት ቤት ሲገቡም ሌላ ተመራማሪ መጥቶ እንዴት እየተማሩ እንደሆነ ጠየቀ። ከእነዚያ ልጆች ትልልቆቹ አሁን ዩኒቨርሲቲ የሚገቡበት ዕድሜ ላይ ናቸው።